ቀባሪ ያጡት አባት፤ የአቡነ ቴዎፍሎስ የሕይወት ታሪክ



 በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ አባላት እንዲጽፉ ኮሚቴው በጠየቀው መሠረት እኔም የበኩሌን ይህችን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። ትምህርቴ ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመዝገብ ቤት ደብዳቤ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥ፣ ፋይል ሳወጣና ስመልስ ነው። ስለዚህ ጽሑፌን እንደ ጎረቤት ወግ አድርጋችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ነገር ሲመላለስብኝ ይኖራል። ሰው በዚህ ዓለም ኖሮ ኖሮ በመጨረሻ ምን ይቀረዋል? እንደኔ ጡረታ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ወንበሩ ላይ ሌላ ይቀመጣል፣ ማኅተሙም ለሌላ ይሰጣል። ትናንት በደጅህ ቆሞ ይጠብቅህ የነበረ ሰው ዛሬ መንገድ ላይ ዓይቶህ እንዳላየ ያልፋል። በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው አሁንማ ለምንም አልረባ ብሎ ይተክዝና ከቤቱ ይውላል።

ይህን ሐሳብ ወደ ዕድራችን ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ጉዳይ ተነሥቶ ሳይወሰን እንዳደረ ታስታውሳላችሁ። በሰፈራችን ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ በቀን ሥራ የሚኖር፣ ዘመድ በአጠገቡ የሌለው፣ በዕድራችንም ያልተመዘገበ ሰው ሲሞት ማን ይቅበረው? ገሚሱ እኛ እንቅበረው አለ። ገሚሱ ደግሞ መዋጮ ላላወጣ ሰው የዕድሩ ገንዘብ ለምን ይወጣል አለ። ሁለቱም ወገን ለዕድሩ አስቦ ነው፤ ማንንም ለመውቀስ አልተነሣሁም። ነገር ግን ለሁለተኛ ጊዜ ተሰብስበን ከመነጋገራችን በፊት የአንድ የአገራችንን ልጅ ሕይወት ብናስታውስ ይጠቅመናል ብዬ አሰብኩ። እኒህ ሰው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። በዕድራችን ውስጥ ሙስሊሞች ወንድሞችና እኅቶችም እንዳሉ አውቃለሁ። ታሪኩ የጳጳስ ይሁን እንጂ የሚነካው ጉዳይ ሁላችንንም የሚመለከት ስለሆነ ታግሠው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በእኛው አቆጣጠር ነው።

አቡነ ቴዎፍሎስ የተወለዱት በ1902 ዓ/ም በጎጃም፣ በደብረ ኤልያስ ነው። የልጅነት ስማቸው መልእክቱ ይባላል። ደብረ ኤልያስ ከከተማችን ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ ያለች፣ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች አገር ናት። በዚያው ዓመት እዚሁ አጠገባችን በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ታላቁ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም ቅኔ የተማሩት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ እንደሆነ ይታወቃል። ያን ጊዜ ጎጃም ማለት ከየአገሩ ተማሪ ቅኔ ፍለጋ የሚጎርፍበት ነበር።

የዚያን ዘመን የቤተ ክህነት ተማሪ እንዴት እንደሚኖር ዛሬ ያሉ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከቤት ቤት ይዞራል። ከአንዱ ቤት ቁራሽ፣ ከሌላው ቤት ቆሎ ያገኛል፤ በአንዳንዱ ቤት ደግሞ ውሻ ይጠብቀዋል። የለመነውን ይዞ ወደ ጎጆው ይመለስና ያችኑ ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ ይበላል። ሌሊቱን ደግሞ ትምህርቱን ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል። ደመወዝ የለ፣ የመንግሥት ድጎማ የለ። አገሩን ያስተማረው እንግዲህ ያ ጭብጥ ቆሎ የዘገነለት የባላገር እጅ ነው። ከዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ይሆናል። አንዱ ሲሾም የበላውን ቁራሽ ይረሳል፤ ሌላው ግን ዕድሜውን ሙሉ የሕዝብ ባለዕዳ ነኝ ብሎ ይኖራል። አቡነ ቴዎፍሎስ ከሁለተኛው ወገን መሆናቸውን ሥራቸው ይናገራል።

ወጣቱ መልእክቱ ከጎጃም ወጥተው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ መንኩሰውም አባ መልእክቱ ወልደ ማርያም ተባሉ። ጣሊያን ከአገር ከወጣ በኋላ የመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አስተዳዳሪ ሆነው ሊቀ ሥልጣናት በሚል ማዕረግ አገለገሉ።

በዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን አንድ የቆየ ችግር ነበረባት። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ጀምሮ 1,600 ዓመት ያህል ጳጳስ የሚመጣልን ከግብፅ ነበር። ኢትዮጵያዊ ሊቅ ምንም ቢማር ጳጳስ አይሆንም። ይህ ነገር የክብር ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው አለ፤ ግን በተራው ሕዝብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ትልቅ ነበር። ለምን ቢሉ፣ ዲያቆንና ቄስ የሚሾመው ጳጳስ ብቻ ነው። የመጡት ጳጳስ ሲሞቱ ሌላ ከግብፅ እስኪመጣ ድረስ አገሩ ሁሉ ይጠብቃል። ልጁን ዲያቆን ሊያደርግ የፈለገ ባላገር ስንቅ አስይዞ ስንት ቀን መንገድ ይሰደዋል። በ1921 ዓ/ም አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች ጵጵስና ሲቀበሉ በሩ ትንሽ ተከፈተ፤ ከነዚህ አንዱ አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ ወር 1928 ዓ/ም በአዲስ አበባ በጣሊያን ጥይት የወደቁት ናቸው። ከነጻነት በኋላ ደግሞ በሐምሌ ወር 1940 ዓ/ም አምስት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በካይሮ ጵጵስና ተቀበሉ። እነሱም አቡነ ባስልዮስ፣ አቡነ ሚካኤል፣ አቡነ ያዕቆብ፣ አቡነ ጢሞቴዎስና የእኛው አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 38 ዓመት ነበር።

የተመደቡት በሐረርጌ ነው። ሐረርጌ ከጎጃም በብዙ ነገር የተለየ አገር ነው። ቆላውና በረሃው ሰፊ ነው፤ ነዋሪው የሚበዛው ሙስሊም ነው፤ ቋንቋውም ልዩ ልዩ ነው። በቅኔ ቤት ላደገ የጎጃም ሰው ይህ ራሱ አዲስ ትምህርት ቤት እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ኋላም በ1951 ዓ/ም አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። እሳቸው ጤናቸው በታወከ ጊዜ የመንበሩን ሥራ ተክተው ያካሄዱት አቡነ ቴዎፍሎስ ነበሩ። በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይም ቤተ ክርስቲያኒቱን ወክለው ይገኙ ነበር።

አቡነ ባስልዮስ በጥቅምት 1963 ዓ/ም ዐረፉ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አቡነ ቴዎፍሎስ ሁለተኛው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። የመጀመሪያው ፓትርያርክ የተሾሙት በካይሮ ነበር፤ እሳቸው ግን እዚሁ በአገራችን በአዲስ አበባ በመሾም የመጀመሪያው ሆኑ። ቁራሽ ሲለምን ያደገው የደብረ ኤልያስ ተማሪ ከዚህ በላይ መዓርግ በሌለበት ደረጃ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ብዙ ሰው ሕይወት ትርጉም የምታገኘው እዚህ ላይ ሲደርሱ ነው ብሎ ያስባል። እኔ ግን የእሳቸው ሕይወት ትርጉም ያገኘው በወንበሩ ላይ ተቀምጠው በሠሩት አንድ ቀላል በሚመስል ሥራ ነው ባይ ነኝ። እሱም የሰበካ ጉባኤ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ዱሮ በአገራችን ካህን የሚኖረው በሰሞን መሬት ነበር። መሬቱን የያዘ ሰው ይቀድሳል፣ ይዘምራል፤ ራሱ ባይችል ሌላ ሰው ተክቶ ያስገለግላል። ደህና መሬት ያለው ደብር አገልጋዩ ብዙ ነው። መሬት የሌለው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግን ቄሱ ነዳያን አጠገብ ተቀምጦ ሊለምን ምንም አይቀረው። ምእመኑስ? ምእመኑ በበዓል ቀን መጥቶ ተሳልሞ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያኑ ምን ገቢ አለው፣ ገንዘቡ ለምን ዋለ ብሎ የሚጠይቅበት ደንብ አልነበረውም።

አቡነ ቴዎፍሎስ ይህን ለመለወጥ ቃለ ዓዋዲ የሚባለውን ደንብ በ1965 ዓ/ም አወጡ። ደንቡ ረጅም ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ለዕድርተኛ ሰው በጣም ግልጽ ነው። በአንድ አጥቢያ የሚኖር ምእመን በመዝገብ ይመዘገባል። እንደ አቅሙ መዋጮ ያወጣል። ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች የሚገኙበት ጉባኤ በምርጫ ይቋቋማል። ገንዘብ የሚገባው በደረሰኝ ነው፤ የሚወጣውም በውሳኔ ነው። ጉባኤው ከአጥቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ሀገረ ስብከት፣ ከዚያም እስከ መንበረ ፓትርያርክ በደረጃ ይያያዛል። ደንቡ በኋላ ዘመናት እየተሻሻለ ሄዷል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው። እስከ ዛሬም በየዓመቱ በጥቅምት ወር አጠቃላይ ጉባኤው በአዲስ አበባ ይደረጋል።

እስቲ አስቡት፤ ይህ ከዕድራችን አሠራር በምን ይለያል? መዝገብ፣ መዋጮ፣ ደረሰኝ፣ ምርጫ። እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ደረሰኝ የሚባለውን ነገር በጣም አከብረዋለሁ። ደረሰኝ ማለት ድሀው የሰጣት አንዲት ብር ከባለጸጋው ሺህ ብር እኩል ተጽፋ የምትቀመጥበት ወረቀት ነው። ስሙ በመዝገብ ላይ ያለ ሰው ሲሞት ካህን ለፍትሐት ይቆምለታል፤ በደጀ ሰላሙም ዐፈር ያገኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።

ደንቡን ያን ጊዜ ሁሉም ወደደው ማለት አይደለም። አዲስ ነገር ሲመጣ ማጉረምረም የሰው ልማድ ነው፤ የቤተ ክህነትን ገንዘብ ምእመን እንዴት ይቈጣጠራል የሚልም አልጠፋም። ነገር ግን ሥራው ቀጠለ። በተጨማሪም ካህናት ከቅዳሴው ጋር ዘመናዊ አስተዳደርና የልማት ትምህርት እንዲያገኙ የካህናት ማሠልጠኛ እንዲስፋፋ አደረጉ። በ1964 ዓ/ም ደግሞ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ተቋቋመ። ቤተ ክርስቲያን ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለተራበው እንጀራ፣ ለተጠማውም ውሃ እንድታስብ ነው ዓላማው። በ1977 ዓ/ም በአገራችን ታላቁ ድርቅ በደረሰ ጊዜ እህል ተሸክመው ለሕዝብ ከደረሱት ድርጅቶች አንዱ ይኸው ኮሚሽን ነበር። መሥራቹ አባት ግን ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። ወደዚያ እመጣለሁ።

ሰበካ ጉባኤው ከተቋቋመ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዘመን ተለወጠ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ/ም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፣ ደርግ ሥልጣን ያዘ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ/ም የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ገበሬው መሬት አገኘ፤ ይህ መልካም ነገር ነበር፤ ብዙዎቻችን ያን ቀን በደስታ ወጥተን የጨፈርነው እውነት ነው። በዚያው አዋጅ ግን የቤተ ክርስቲያን መሬትም ሁሉ ተወሰደ። በሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መጣና ቤተ ክርስቲያን የምታከራየው ቤት ሁሉ ሄደ። ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየው መተዳደሪያ በአምስት ወር ውስጥ አለቀ ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ሰበካ ጉባኤ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ የየአጥቢያው ካህን ምን ይሆን ነበር? ቄሱ ጠመዱን ይዞ ወደ እርሻው፣ ዲያቆኑ ወደ ቀን ሥራ በሄደ ነበር። ብዙ ቤተ ክርስቲያን በተዘጋ ነበር። መሬቱ ሲሄድ ግን መዝገቡና ደረሰኙ ተዘጋጅቶ ቆየ። ከመኳንንት መሬት ይኖር የነበረው ቤተ ክርስቲያን ከድሀው ኪስ በሚወጣ ሳንቲም መኖር ጀመረ፤ እስከ ዛሬም ይኖራል። አቡነ ቴዎፍሎስ አዋጁ እንደሚመጣ ማወቅ አለማወቃቸውን እኔ ልናገር አልችልም። ሰው ለሌላው ብሎ የሠራው ነገር ግን ሠሪው ባላሰበው ቀን ይደርሳል።

አሁን ወደ መከራቸው ልለፍ። አዲሱ መንግሥት በቤተ ክርስቲያን ላይ የፈለገውን እንዲያደርግ የሚፈቅዱ ሰው አልሆኑም። አገልጋይ ያስፈልጋል ብለው በ1967 ዓ/ም ሦስት አባቶችን የመንግሥትን ፈቃድ ሳይጠይቁ ጳጳሳት አድርገው ሾሙ። እነሱም አቡነ ባስልዮስ፣ አቡነ ጴጥሮስና አቡነ ጳውሎስ ናቸው። ስማቸው ቀደም ሲል ከጠቀስኳቸው አባቶች ጋር ቢመሳሰልም ሰዎቹ ሌሎች ናቸው። ይህ ነገር በደርግ ዘንድ ትልቅ ድፍረት ሆኖ ተቈጠረ። ሦስቱም ጳጳሳት ታሰሩ። አቡነ ቴዎፍሎስም በየካቲት 1968 ዓ/ም ከመንበራቸው እንዲወርዱ ተደርጎ ወደ እስር ቤት ተወሰዱ። ከቀድሞው መንግሥት ጋር ወዳጅ ነበሩ፣ ገንዘብ አባክነዋል የሚል ክስ ተነገረባቸው። ከቤተ መንግሥት ጋር ቅርበት እንደነበራቸው የሚካድ አይደለም፤ በዚያን ዘመን ያለዚያ ፓትርያርክ መሆንም አይቻልም። ነገር ግን ክሱ በፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ምስክር ተሰምቶ የተፈረደባቸው ነገር የለም።

በቦታቸው በ1968 ዓ/ም መጨረሻ ላይ ከወላይታ አንድ መነኩሴ ተመርጠው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። የእስክንድርያው ቤተ ክርስቲያን የቀድሞው ፓትርያርክ በሕይወት ሳሉ ሌላ መሾም አይገባም ብሎ ሹመቱን አልተቀበለውም። ይሁንና ስለ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እውነቱ መነገር አለበት። እሳቸውም በወላይታ ሶዶ እናት አባት የሌላቸውን ሕፃናት ሰብስበው ሲያሳድጉ የኖሩ፣ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ፣ ፓትርያርክም ከሆኑ በኋላ ኑሯቸውን ያልለወጡ ባሕታዊ ነበሩ። በ1980 ዓ/ም እስኪያርፉም ለድሀ እንዳዘኑ ኖሩ። መንግሥት ሁለቱን አባቶች በአንድ መንበር ምክንያት ቢያለያያቸውም በአገልግሎት ግን የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ።

አቡነ ቴዎፍሎስ ከሦስት ዓመት በላይ ታስረው ኖሩ። ለስንቱ ያስቀደሱ፣ ስንቱን ያቈረቡ አባት መንበር የላቸው፣ ካባ የላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን መግባት የላቸው። ከዚያም በ1971 ዓ/ም ክረምት በድብቅ ተገደሉ።

ዕድርተኞች ሆይ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድትቆሙልኝ እፈልጋለሁ። ከእኛ መካከል አንድ ሰው ሲሞት የሚሆነውን እናውቃለን። ጥሩምባ ይነፋል። ድንኳን ይተከላል። ጎረቤት ንፍሮውን ይቀቅላል፣ ውሃውን ይቀዳል፣ ወንበሩን ይደረድራል። ሬሳው ይታጠባል፣ ይገነዛል። ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ወንዱ ቃሬዛውን በየተራ ይሸከማል፣ ሴቱ ያለቅሳል። ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ በየጊዜው ይታሰባል። ከመንደራችን እጅግ ድሀ የሆነችው አሮጊት እንኳ ይህን አታጣም።

የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ግን ይህን ሁሉ አጡ። ጥሩምባ አልተነፋላቸውም። ከፈን አልተገኘላቸውም። በየአጥቢያው ለሚሞት ድሀ ሁሉ ፍትሐት የሚቆምለት ካህን እንዳይታጣ ደንብ ያወጡት አባት አንድ ዲያቆን እንኳ ሳይቆምላቸው ጉድጓድ ውስጥ ተጣሉ። የት እንደወደቁ ሕዝቡ ሳያውቅ 13 ዓመት ያህል አለፈ። በነዚያ ዓመታት በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላው አገር ሰው ሲሞት ሰበካ ጉባኤው በሚከፍለው ደመወዝ የሚተዳደሩ ካህናት እየመጡ ፍትሐት ያደርሱ ነበር። መሥራቹ ያለ መቃብር ተኝተዋል፤ የመሠረቱት ማኅበር ግን በየቀኑ ሰው ይቀብራል። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

በግንቦት 1983 ዓ/ም ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ/ም አፅማቸው ከተጣለበት ተፈልጎ ተገኘ። በዚያን ዓመት በአዲስ አበባ ብዙ ቤተሰብ የሟቹን አፅም ፍለጋ ሲባዝን ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱም አፅም የተገኘው ያን ጊዜ ነው። የአቡነ ቴዎፍሎስ አፅም በሚገባው ክብርና ጸሎት በአዲስ አበባ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ። የዚህ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ስሙ ጎፋ መካነ ሕያዋን ቅዱስ ገብርኤል ነው፤ መካነ ሕያዋን ማለት የሕያዋን ቦታ ማለት ነው። በዚያው ዓመትም እሳቸው ሾመዋቸው በዚያ ምክንያት ታስረው የነበሩት አቡነ ጳውሎስ አምስተኛው ፓትርያርክ ሆኑ።

እንግዲህ መጀመሪያ ወደ አነሣሁት ጥያቄ ልመለስ። ሰው ኖሮ ኖሮ ምን ይቀረዋል? የአቡነ ቴዎፍሎስ መንበር በአንድ ቀን ተወሰደ። ማኅተማቸው ተወሰደ። ስማቸው ብዙ ዓመት በአደባባይ አልተጠራም፤ ሥጋቸውም ዐፈር ተነፍጎ ነበር። ሊወሰድ ያልቻለው ለሌላው ብለው የሠሩት ብቻ ነው። ደረሰኙን ማንም አልቀማቸውም፤ በየአጥቢያው ድሀው እጅ ላይ ነበራ! ጌታችን በሐዋርያቱ ፊት ወገቡን ታጥቆ እግራቸውን ያጠበበት ምክንያትም ይህ ይመስለኛል። ከሁሉ በላይ መሆን የሚፈልግ የሁሉ አገልጋይ ይሁን ብሎ ማስተማሩ ለትሕትና ያህል ብቻ የተነገረ አይደለም። ሰው ከሞት በኋላ የሚቀረው ነገር ሌላ ስለሌለ ነው።

እኛ ፓትርያርክ አይደለንም። ጡረተኛው፣ ባለሱቁ፣ መምህሩ፣ ጠላ ሻጯ ነን። ነገር ግን በእጃችን የእሳቸውን የመሰለ መዝገብ አለን። ስለዚህ ሦስት ነገር ለማሳሰብ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ከቀብር ቀርቶ ቅጣት መክፈል እየተለመደ መጥቷል። ቅጣት ሣጥኑን ይሞላል፤ ቃሬዛ ግን አይሸከምም። የምንችል ሁሉ በአካል እንገኝ።

ሁለተኛ፣ ለዳኝነት፣ ለጸሐፊነት ወይም ለገንዘብ ያዥነት ስንመረጥ ምን ይገኝበታል ብለን አንሽሽ። በተለይ ጡረተኞች፤ ጊዜው አለን፣ መዝገብ መያዝም እናውቃለን። ለምንም አልረባ ብሎ ከቤት ከመዋል የሟችን ቤተሰብ ስም በትክክል ጽፎ መያዝ ይሻላል። ወጣቶችንም አጠገባችን አስቀምጠን ሥራውን እናሳያቸው።

ሦስተኛው ያደረው ጉዳይ ነው። መዋጮ ያላወጣ ሰው ለምን ይቀበር ለሚለው መልሴ ይህ ነው። አቡነ ቴዎፍሎስም በሞቱበት ቀን በማንም መዝገብ ላይ አልነበሩም። ያን ቀን በዚያች ጉድጓድ አጠገብ አንድ የማያውቃቸው ዕድርተኛ ቢኖርና አንድ ነጠላ ጣል ቢያደርግላቸው ኖሮ አገሩ ሁሉ ያንን ሰው ሲመርቀው በኖረ ነበር። በሰፈራችን ዘመድ የሌለው የቀን ሠራተኛ ሲሞት ያ ዕድርተኛ እኛ ነን። የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ አባል ከወር መዋጮው ላይ ጥቂት ብር ጨምሮ ለብቻው በተለየ መዝገብ ይያዝ፤ በዚያ ገንዘብ ከፈኑና የመቃብሩ ወጪ ይሸፈን፤ ድንኳኑና ወንበሩ ያው የዕድሩ ስለሆነ ወጪ የለውም። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ሙስሊሞች አባሎቻችን እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዓት ያስቀብሩት። ለዋናው ሒሳብ አይነካም። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ይህ በድምፅ እንዲወሰን ሐሳቤን በጽሑፍ ለኮሚቴው አቅርቤአለሁ፤ መዝገቡን የሚይዝ ሰው ከታጣም እኔ ያለ ክፍያ ለመያዝ ፈቃደኛ ነኝ።

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ሐዘንተኞችን ያጽናናልን። ለእኛም በጤና፣ በፍቅር፣ በመረዳዳት ለከርሞው ያድርሰን። አሜን።